ቁልፉን በገዛ እጁ የሰጠው የሚስቴ ወንድም

የሚስቴ አባት መርሳ ውስጥ የማንጎና የብርቱካን እርሻ ነበራቸው። ፍሬውን ወደ ወልድያ ገበያ የሚያመላልሱባት አንዲት ነጭ አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻቸው፤ እርሷንም ከልጆቻቸው ለይተው አያዩዋትም። እኔ ወልድያ ውስጥ የቧንቧና የቀለም ሱቅ አለኝ፤ ከመኪና ጋር ያለኝ ግንኙነት ዕቃ ከማስጫን አያልፍም። ቢሆንም ሽማግሌው ለዚያች መኪና ያደረጉትን በዓይኔ አይቻለሁና፣ ልጃቸው በኋላ የሠራውን ስናገር ቃሌን ለማለስለስ አልደክምም።

ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን እያስነሳ ሸሸ። አማቴ ግን እርሻዬን ጥዬ የትም አልሄድም አሉ። እኔና ሚስቴ ያን ሰሞን ከወልድያ ሸሽተን እርሳቸው ቤት ነበርን። የፒክአፗን ጎማዎች አንድ በአንድ ፈቱ፣ ባትሪዋን አወጡ፣ ሁሉንም በጆንያ ጠቅልለው ከማንጎው ሥር ቀበሩት። መኪናዋን በድንጋይ አስደግፈው ገለባ ከመሩባት፤ ዶሮዎቹም እላይዋ ላይ እንዲያድሩ ተዉ። ታጣቂዎች መጥተው ገለባውን ገለጥ አድርገው፣ "ይቺ ምንድን ናት?" ሲሏቸው፣ አማቴ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሡ፣ "የዶሮ ቤት ናት" አሉ። ሰዎቹ ጎማ የሌላትን፣ በኩስ የተለበጠችውን መኪና አይተው ሄዱ። ሽማግሌው ተነሥተው ገለባውን መልሰው ከመሩባት።

ሰላም ሲሆን ጎማውን ከጉድጓድ አውጥተው ገጠሙት፤ ፒክአፗም ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ግን ራዲያተሯ ማፍሰስ ስለጀመረ፣ አማቴ ከኋላ አንድ ጀሪካን ውሃ ሳይጭኑ ከግቢ አይወጡም ነበር። ብዙም አልቆዩ፣ ታመው ዐረፉ። መኪናዋም ለሚስቴና ለታላቅ ወንድሟ እኩል ተወረሰች። እኩል ተወረሰች ይባል እንጂ ቁልፉን ኪሱ የከተተው ወንድምየው ነው።

ይህ ሰው እህል ነጋዴ ነው። ከንግዱ ይበልጥ የሚወደው ግን መከበርን ነው። በመርሳ ዋና መንገድ ሲያልፍ ከየበሩ "ጋሼ" እየተባለ ካልተጠራ ምሳው አይዋጥለትም። ፒክአፗንም ያገኘው እንደ ዕቃ መጫኛ ሳይሆን እንደ ዙፋን ነው። ሻይ ሊጠጣ ሲገባ ሞተሯን ሳያጠፋ፣ በሯን ሳይዘጋ፣ መንገድ መሐል ትቷት ይገባል። ሰው ሁሉ ያያታል፤ የማን እንደሆነችም ያውቃል፤ እርሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ያሉት የባጃጅ ሹፌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። አንዱ ምሳ ሲገባ የሞተሩን ካንዴላ ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይገባል። ሌላው የፊት ጎማውን ከመብራት እንጨት ጋር በሰንሰለት ያስራል። ሌላው ከመቀመጫው ሥር እርሱ ብቻ የሚያውቃት ማጥፊያ አስገጥሟል። የሚስቴ ወንድም እነዚህን ሰዎች ባየ ቁጥር ይስቃል።

"እንደ በግ ያስሩታል" ይላል።

ሚስቴ አንድ ቀን የመሪ መቆለፊያ ብረት ገዝታ ወሰደችለት። ብረቱን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየውና መለሰላት።

"እኔ መኪናዬን ብቆልፍ መርሳን ሁሉ ሌባ ማለቴ አይደለም? ሰው ምን ይለኛል?"

"መኪናችንን" አለችው ሚስቴ።

"እሱማ ያው ነው።"

ብረቱን ይዘን ተመለስን። ሱቄ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

በጥር የሚስቴ የአክስት ልጅ ሴት ልጁን ዳረ። እኔና ሚስቴ ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ ወርደን፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ወደተሠራው ዳስ በእግር ሄድን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ መኪኖች ተደራርበው አቧራው ተነሥቷል። ከዳሱ መግቢያ ላይ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ሪባን ያሰረ ጎልማሳ ሰው መኪኖቹን በእጁ እያመላከተ ያስቆማል። በመሐሉ አሮጊቶችን ክንዳቸውን ደግፎ ያሻግራል። እኛን በእግር የመጣነውን እንኳ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡልን" አለን።

"የማን ልጅ ነው?" አለችኝ ሚስቴ።

"የሙሽራው ወገን ይሆናል" አልኳት። ልብ ብዬም አላየሁት።

ወዲያው የሚስቴ ወንድም ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። ሪባን ያሰረው ሰው ሮጦ ሄዶ በሩን ከፈተለት።

"ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እርስዎን የመሰለ ሰው በዚህ አቧራ ውስጥ መኪና ሲያዞር ማየት ለእኛ ነውር ነው። ቁልፉን ይስጡኝ፣ ጥላ ላይ ላቁምልዎ።"

"አንተ ማን ነህ?" አለው የሚስቴ ወንድም፣ ኮቱን እያስተካከለ።

"ልጅዎ ነኝ" አለ ሰውየው።

ይህ መልስ አይደለም። የመንገድ ላይ ሕፃን እንኳ የማን ልጅ ብሎ ደግሞ ይጠይቅ ነበር። የሚስቴ ወንድም ግን ፊቱ በራ። ቁልፉን በመዳፉ ላይ አኖረለት፤ ያም አልበቃው ብሎ ምክር ጨመረለት።

"ቀስ በል፤ ፍሪሲዮኗ ትንሽ ያዝ ታደርጋለች።"

"እሺ ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት።"

ገብተን በላን፣ ጠጣን፣ እልል ተባለ። የሚስቴ ወንድም ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ተቀምጦ፣ ከተነሣ ቦታውን ሰው የሚወስድበት ይመስል ንቅንቅ አላለም። ሙሽሮቹ ሲሸኙ ሽማግሌዎቹን በመኪናዬ ላድርስ ብሎ ተነሣ።

"ያን ልጅ ጥሩልኝ" አለ።

"የትኛውን?" አሉት።

"ሪባን ያሰረውን፣ መኪና የሚያቆመውን።"

የሙሽራው ወገኖች የሙሽሪት ዘመድ መስሎን ነበር አሉ። የሙሽሪት ወገኖች ደግሞ የሙሽራው ሚዜ መስሎን ነው አሉ። የሙሽሪት አባት ግራ ገብቶት ወጣ።

"እኛ መኪና የሚያቆም ሰው አላዘዝንም" አለ።

ወጥተን ስናይ ጥላው ሥር ሌሎች መኪኖች አሉ። ፒክአፗ የለችም። ሚስቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ወንድሟን ስመለከት ግን እርሱ የሚያየው ባዶውን ቦታ አይደለም፤ ማን ማን እንደሰማ ነው የሚያየው።

"ዝም በይ፣ ሰው እንዳይሰማ" አላት። "ነዳጅ ሊሞላልኝ ሄዶ ይሆናል።"

"ነዳጅ ሙላ ብለኸዋል?"

"አላልኩትም። ግን ጨዋ ልጅ ነው።"

ሊጠብቀው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የእግዜር ያለህ፣ ተቀመጠ። አባቱ በታጣቂ ፊት ያተረፏት መኪና ወደየት እንደምትሄድ ሳያውቅ፣ እርሱ ክብሩ እንዳይነካ ዳስ ሥር ተቀምጦ ሌባውን ይጠብቃል። ሚስቴ ክንዱን ይዛ አስነሣችው።

ፖሊስ ጣቢያ ያገኘነው ተረኛ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር።

"መስኮት ሰብሮ ነው የወሰደው?" አለ።

"አይ፣ አልሰበረም።"

"ታዲያ በምን አስነሣት?"

የሚስቴ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። "ቁልፉን ሰጥቼው ነው።"

ፖሊሱ ቀና አለ። "ያውቁታል?"

"አላውቀውም።"

"ስሙንስ?"

"ሰላም ብሎኝ ነው እንጂ…"

ፖሊሱ ብዕሩን አነሣ። ሊብሬውን ጠየቀ። ሊብሬው በመኪናዋ ኪስ ውስጥ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ጠየቀ። "የሻንሲ ቁጥር ማን በቃሉ ይይዛል?" አለ የሚስቴ ወንድም፣ ጥፋቱ የጠያቂው የሆነ ይመስል። ሚስቴ ስልኳን ከፍታ የሊብሬውን ፎቶ አሳየች። ውርሱ የተከፈለ ዕለት አንስታው ኖሯል፤ እኔም አላውቅም ነበር። ፖሊሱ ከዚያ ወዲያ የሚያናግረው እርሷን ብቻ ሆነ።

ፖሊሱ ስልክ ሊደውል ወጣ ሲል ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ዛሬ ራዲያተሩን ውሃ ሞልተህ ነበር?"

"ሰርግ እየመጣሁ ውሃ ልሸከም?"

"ጀሪካኑስ ከኋላ አለ?"

"አውርጄዋለሁ። ለሰርግ አያምርም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቴ ትንሽ ተነፈሰች። "እንግዲያው ሩቅ አልሄደም" አለች።

መናኸሪያ ወርዳ ተራ አስከባሪውን አናገረች። እርሱም ወልድያ ላሉት ደወለ፤ ነጭ ፒክአፕ በዚያ አላለፈችም። ወደ ደሴ በኩል ያሉትም አላየናትም አሉ። ከዚያ ግራና ከምትባለው ከተማ ሰው ጭኖ የመጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነገሩን ሰምቶ ቀረበ።

"ግራና መንገድ ላይ ጭስ የምትተፋ ነጭ ፒክአፕ አይቻለሁ" አለ። "ሪባን ያሰረ ሰው አጠገቧ ቆሞ ከሴቶች ውሃ ይለምናል። የሰርግ መኪና መስሎኝ እጄን አውለብልቤለት አለፍኩ።"

በሁለት ባጃጅ ሆነን ሄድን፤ እኔና ሚስቴ ከፖሊሱ ጋር ፊት ፊት፣ የሚስቴ ወንድም ከኋላችን ብቻውን። ዞር ብዬ ሳየው አቧራው ልብሱን እንዳያበላሽ ኮቱን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ታቅፏል።

ፒክአፗ ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ገበሬ ቤት ፊት ለፊት ቆማለች። ዙሪያዋን በእሾህ ታጥራለች። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ከእሾሁ ፊት ቆመዋል።

"እንዳትጠጉ" አሉን። "የሰው አደራ ነው።"

"አባባ፣ የማን አደራ ነው?" አላቸው ፖሊሱ።

"የአንድ ጨዋ ልጅ። እህቱን እየዳረ መኪናዋ ብትሞቅበት መካኒክ ላመጣ ነው ብሎ ሄደ። ልጆች እንዳይነካኩበት አጠርሁለት።"

ፖሊሱ ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሽማግሌው ለመቀበል ተቸገሩ። ሰውየው ከቤታቸው ገብቶ እህል ቀምሷል። ባለቤታቸው በእንስራ ውሃ አቅርበውለታል። ያንን ቀዝቃዛ ውሃ እንዳለ በፈላው ሞተር ላይ ገለበጠበት፤ ከዚያ ወዲያ መኪናዋ አልነሣ አለች።

"እንዴት ሌባ ይሆናል?" አሉ ሽማግሌው። "ሲሄድ ጉልበቴን ስሞ ነው የሄደ።"

ፖሊሱ ከቤቱ ጀርባ እንድንቆይ አደረገን። የሚስቴ ወንድም ፀሐዩ በዛብኝ እያለ ያጉረመርማል። ጥላው ገና ሳይረዝም አንድ ባጃጅ መጥታ ቆመች። ሪባን ያሰረው ሰው ከነሪባኑ ወረደ፤ ከኋላው የመሣሪያ ሣጥን የያዘ መካኒክ አለ። መካኒኩ ምንም የማያውቅ፣ ለሥራ የተጠራ ሰው ነው።

"አባባ፣ አደከምሁዎ" ብሎ ሽማግሌውን እጅ ሲነሣ ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

አልሮጠም። ዓይኑን ከኋላችን ወደመጣው ወደ ሚስቴ ወንድም አዞረና ያን ወገቡን ሰበር አደረገ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሙሽሮቹን የሚያጅብ መኪና ጎድሎ ለአንድ አፍታ ነው የወሰድኳት። ሞቃ ስታስቸግረኝ ጠግኜ ላስረክብዎት ብዬ መካኒክ አመጣሁ።"

ሰርጉ መርሳ ነው። ሙሽሮቹ የሄዱት ወደ ወልድያ ነው። ይህ ሰው የቆመው ግራና መንገድ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የሚስቴ ወንድም አንገቱን ሲነቀንቅ አየሁት፤ አምኖ።

"እንግዲህ ልጁ እንደሚለው ከሆነ…" አለ።

"ከሆነ ምን?" አለችው ሚስቴ።

"መካኒክ ይዞ መጥቷልኮ። ሌባ መካኒክ ያመጣል?"

ሚስቴ በእጇ ወደ መኪናዋ ፊት አመለከተች። ታርጋው የለም። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ሲፈትሽ የመኪናዋ ታርጋ ከመቀመጫ ሥር ተገኘ፤ አብሮት ሌላ ታርጋ አለ።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ሁለቱን ታርጋዎች አዩ።

"ብሎኑን ሲፈታ አይቻለሁ" አሉ። "ለጥገናው መስሎኝ መፍቻ ያቀበልሁት እኔው ነኝ።"

ከዚያ ሰውየውን ቀና ብለው ሳያዩት፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ጉልበታቸውን ጠረጉ። ቀስ ብለው፣ ደጋግመው ጠረጉት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ሪባን ያሰረው ሰው ያን ጊዜ ብቻ አንገቱን ደፋ።

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ወልድያ ገባች። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታዋን፣ የሞተሯን ክዳን፣ ሰንጥቆት ኖሮ ጋራዥ ብዙ ከረመች። ሰውየው በዚያው ሰሞን በሌሎች ሰርጎችና ለቅሶዎች ላይ እንዲሁ እየቆመ መኪና መውሰዱ ተደርሶበት ተፈረደበት። ፍርድ ቤት ያየሁት ዕለት ከወዲያ ማዶ ሆኖ እጅ ነሣኝ። አፍሬ ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እርሱ አላፈረም። ድንጋይ ወርውሮ መስኮት የሚሰብር ሌባ ቢያንስ ሌብነቱን በግልጽ ይሠራል። ይህኛው እናቶቻችን ያስተማሩንን ሰላምታ ነው መፍቻ ያደረገው።

መኪናዋ ስትጠገን ሚስቴ ወንድሟን ጋራዡ ድረስ ጠራችው።

"ትርፍ ቁልፉን አምጣ" አለችው።

"ለምን?"

"ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምይዛት። አባቴ ማንጎ ሊጭኑባት ነው የገዟት። ማንጎ ትጭናለች።"

"ሰው ምን ይለኛል? መኪናውን እህቱ ቀማችው ይሉኛል።"

"ይበሉህ።"

ቁልፉን አወጣ። ትንሽ ቅር ብሎት ቆመና፣ "ስትፈልጊ እነዳልሻለሁ" አላት። ሚስቴ አመሰገነችውና ቁልፉን ተቀበለችው። ያ የመሪ መቆለፊያ ብረት ከሱቄ መደርደሪያ ወርዶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። የጋራዡ መካኒክ ነዳጅ የሚቆርጥ ድብቅ ማጥፊያ ገጠመላት፤ የት እንዳለ እኔም አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። ሊብሬው ቤት ነው። ጀሪካኑ ከኋላ ነው። ሚስቴ መንጃ ፈቃድ አውጥታ አሁን ማንጎውን ለወልድያና ለሐራ ገበያ ራሷ ታደርሳለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ መርሳ ውስጥ የመኪናና የባጃጅ ባለቤቶች ስለ ስርቆት የሚነጋገሩበት ስብሰባ ተጠራ። የሚስቴ ወንድም ተሞክሮውን እንዲያካፍል ተጋበዘ። ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ተናገረ። ሌባውን እንደጠረጠረው፣ ሆን ብሎ ጊዜ እንደሰጠው፣ ከዚያ ዱካውን ተከትሎ ግራና መንገድ ላይ እንደያዘው አወራ። ቀጥሎም መከረ። መኪናችሁን ሳትቆልፉ አትውረዱ፤ ሊብሬ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ የሻንሲ ቁጥራችሁን ፎቶ አንሱ፤ መሪ ቆልፉ፤ ቁልፍ ለማንም አትስጡ አለ። አንድ ቃል እንኳ የራሱ አልነበረም፤ ሁሉም ሚስቴ ስትለምነው የኖረችው ነው። ካንዴላውን ነቅሎ ምሳ የሚገባው የባጃጅ ሹፌር ከፊቴ ተቀምጧል። አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ስንወጣ ሚስቴን፣ "እንዴት ዝም ትያለሽ?" አልኳት።

"የተናገረው ትክክል ነው" አለች። "ከእሱ ቢሰሙትም ይጠቅማቸዋል።"

እርሷ እህቱ ናት፤ ልቧ እንዲህ ነው። እኔ ግን ያን ሰው ባየሁት ቁጥር ታቅፎት የነበረው ኮት ይታየኛል።

ባለፈው የማንጎ ወቅት ሚስቴ ግራና መንገድ ላይ ላሉት ሽማግሌ አንድ ሣጥን ማንጎ ልታደርስ አብሬያት ሄድኩ። ከመኪና ወርደን ሰላም ስንላቸው አላወቁንም። ከበራቸው ሳይነሡ ዱላቸውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ።

"ማን ናችሁ? ከየት ናችሁ?" አሉ።

ሚስቴ መኪናዋን እያሳየች አስታወሰቻቸው። አስታወሱን፤ ፈገግም አሉ። ቢሆንም ማንጎውን ከመቀበላቸው በፊት ባለቤታቸውን ጠርተው፣ "እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ?" ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው አዎ ሲሉ ነው ሣጥኑ የገባው።  ቀድሞ መንገደኛን ሳይጠይቁ ቤት ያስገቡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን ሰላም የሚላቸውን ሁሉ ከጫማው ጀምረው ነው የሚመረምሩት። ፒክአፗ ተጠግናለች። ሪባን ያሰረው ሰው የሰረቀው መኪናዋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር።